የልጅ ልጄ ደብተርና የዚያች ጠርሙስ ነገር

ባለፈው ሳምንት ስለ ደም ግፊት መድኃኒት አወሳሰድ ጀምሬላችሁ የቀረውን ዛሬ እንደምጨርስ ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና እሱ አንድ ሳምንት ይቆይ። መድኃኒታችሁን ግን እንዳታቋርጡ። ሰሞኑን በገዛ ቤቴ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ እሱን ላስቀድም።

የዘመሮን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ማታ ማታ ከልጅ ልጄ ጋር ከሰል ዳር ቁጭ እንላለን። እሷ ታጠናለች፣ እኔ የበግ ጠጉር እፈትላለሁ። ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብታለች። ባለፈው ማክሰኞ ማታ የባዮሎጂ ደብተሯን ይዛ በእንግሊዝኛ ትወርደዋለች፤ አንድም ቦታ አትደናቀፍም። እንደ ዳዊት ደጋሚ ነው የምትለው። ደስ ብሎኝ እንዝርቴን አስቀምጬ ማዳመጥ ጀመርኩ። «ዘ ስሞል ኢንተስታይን» ስትል የድሮ ሙያዬ ቀሰቀሰኝና ጠየቅኳት።

«ኢንተስታይን ምንድን ነው የኔ ልጅ?»

ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ምግብ የሚፈጭበት ነገር ነው እማማ» አለችኝ።

«የቱ ነገር?»

«እሱን አስተማሪያችን አልነገረንም።»

ይህቺ ልጅ ለፋሲካ በግ ሲታረድ አንጀቱን ገልብጣ አጥባ፣ ጨጓራውን ፍቃ ለዱለት የምታዘጋጀው እሷ ናት። ትንሹን አንጀት ከትልቁ በእጇ ትለየዋለች፤ ከኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች ማለት ይቻላል። አንጀት መሆኑን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ደብተሩን ወደ ኋላ እየገለጠች «ይኼስ እማማ? ይኼስ?» ትለኝ ጀመር። ጉበት፣ ቆሽት፣ ሐሞት። ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ ደብተሯ ውስጥ እንዳሉ ብቻ አታውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ስታጠናው የከረመችውን ነገር ትርጉሙን ያገኘችው በዚያች ማታ ነው። ፈተና ላይ ግን ጥሩ ውጤት አምጥታለች። እኔን ያስፈራኝ ይኼ ነው።

ያስፈራኝ ያለምክንያት አይደለም። ከ30 ዓመት በፊት የሆነ ነገር ትዝ ስላለኝ ነው። እስከዛሬ በዚህ ዓምድ አልጻፍኩትም፤ የሚያኮራ ነገር ስላልሆነ።

ያን ጊዜ እዚሁ መንዝ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። የገበያ ቀን ስለነበር በሽተኛው በዝቶ በሩን አልፏል። አንዲት እናት እከክ ይዟት መጣች። ቤንዚል ቤንዞዌት የሚባለውን የሚቀባ መድኃኒት በጠርሙስ ሰጠኋት። እንዴት እንደምትቀባው፣ ከአንገት በታች መላ ሰውነት መዳረስ እንዳለበት፣ ልብስና መኝታዋን በፈላ ውኃ እንድታጥብ አስረድቼ መላክ ነበረብኝ። ሰልፉ አስጨነቀኝ። «ተማሪ ልጅ አለሽ አይደል? ጽሑፉን ያነብልሻል» ብዬ ሸኘኋት።

ልጇ 10ኛ ክፍል ነበር። ማታ ጠርሙሱን ተቀብሎ አነበበላት። «ፎር ኤክስተርናል ዩዝ ኦንሊ።» አነባበቡ ልክ ነበር። ትርጉሙን ግን እሱም አላወቀው፣ እሷም አልጠየቀችው። ከዚያ በፊት በጠርሙስ የተሰጣት መድኃኒት የሳል ሽሮፕ ነበርና እንደዚያው መስሏት በሾርባ ማንኪያ ጠጣችው። በማግስቱ ጠዋት በቃሬዛ ተሸክመዋት መጡ። ታስመልሳለች፣ ራሷን አዙሯታል፣ ጉሮሮዋ ተቃጥሏል። የጠጣችው ጥቂት ስለነበር ሁለት ቀን አስተኝተን ስንከታተላት ቆይተን በሰላም ወደ ቤቷ ተመለሰች። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አየሁት። «አንብቤው ነበር እኮ ሲስተር» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አንብቦታል። ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ የኔ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሚቀባ መድኃኒት ስሰጥ ጠርሙሱ ላይ አፍ ስዬ በላዩ ላይ መስቀለኛ አሰምርበት ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ሠዓሊዋ እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ።

እንግዲህ የልጅ ልጄ «ኢንተስታይን» ስትል ያ ልጅ ነው ፊቴ ላይ የቆመው። ከሱ እስከ እሷ 30 ዓመት አልፏል፤ ማንበብና መረዳት ግን አሁንም አልተገናኙም።

በማግስቱ አላስቻለኝም፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋን ልጠይቅ ሄድኩ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። ሻይ እየጠጣን ስለ ክፍሉ አወራኝ። ከ60 በላይ ተማሪ፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔ፤ አለቀ። መማሪያ መጽሐፉ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተቀይሮ ከመጣ ወዲህ ለሁሉም አልደረሰም። ስልክ ያላቸው ልጆች ፒዲኤፍ የሚሉትን በቴሌግራም ተቀባብለው በጣት በምታህል ስክሪን ያነባሉ። ስልክ የሌላቸው ከሰሌዳ ይገለብጣሉ። «አንድ ገጽ ምንባብ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍለ ጊዜዬ ግማሹ ያልቃል፤ እነሱ ሲገለብጡ ሌላው ግማሽ ያልቃል። መቼ እናውራው ሲስተር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

አያቶች ሆናችሁ ይህን የምታነቡ እኔን ታስታውሱ ይሆናል፤ በእኛ ጊዜ ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ የሚዞረው 7ኛ ክፍል ላይ ነበር። ከእኛ በፊት ለነበሩት ደግሞ በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች ወደ 280 የሚጠጉ ሆነው መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ሲያስተምሩ፣ ታላላቆቻችን እንግሊዝኛን ከባለቤቶቹ አፍ ሰምተውታል። በደርግ ዘመን፣ በ1969 ዓ.ም. እነሱም ወጡ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ የመማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ስምንት ዓመት ከተማሩት በኋላ 9ኛ ክፍል ላይ ይደርሱበታል ነው ነገሩ። ነገር ግን 1ኛ ክፍል ላይ የሚያስተምረው ሰው ራሱ እንግሊዝኛውን ካልተናገረውስ?

ቀጥሎ ፕላዝማ መጣ። እንደምታስታውሱት በ1997 ዓ.ም. ነው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት መልቀቅ የተጀመረው። አስተማሪው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፤ መሃሉ የቴሌቪዥኑ ነው። በዚያን ዘመን ተማሪ የነበረ ታናሽ የአክስቴ ልጅ ሲያማ፣ «እንደ በረዶ ዝናብ ነው እትዬ፤ ይወርዳል፣ ያቆማል፣ መሬቱ ግን አልጠጣውም» ይለኝ ነበር። አቁም አይሉት፣ ድገምልኝ አይሉት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የዚያን ቀኑ ትምህርት አብሮ ይጠፋል፤ መንዝ ላይ መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ለናንተ አልነግራችሁም። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልኮንነውም። ለሌላው ትምህርት እንጃ፣ ለእንግሊዝኛ ግን ጆሮ ከፍቷል። ሰው ያልሰማውን ቋንቋ እንዴት ይናገረዋል? ሕፃን ልጅ እንኳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሰማ ከርሞ ነው አፉን የሚፈታው።

ይህን ሁሉ የማወራው ነገሩ የአንድ ትምህርት ጉዳይ ስላልሆነ ነው። ብዙ ወላጅ «እንግሊዝኛው ይቅርበት፣ በሒሳቡ ይጎብዝ» ሲል እሰማለሁ። የ12ኛ ክፍል የሒሳቡም፣ የፊዚክሱም፣ የጂኦግራፊውም ፈተና የሚቀርበው እኮ በእንግሊዝኛ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከተጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ስንት እንደሆኑ ታስታውሳላችሁ፤ በ2014 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 ነበሩ። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው እንግሊዝኛ ብቻ ነው አልልም። ኮቪድ ነበረ፣ ጦርነት ነበረ፣ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። የድሮው መኮራረጅ መቅረቱም አለ። ነገር ግን ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን ቢያውቅም አያገኘውም። አንጀት ማጠብ የምታውቅ ልጅ «ኢንተስታይን» የሚለው ላይ ስትቀር አይቻለሁ።

አሁን ወደ አስተማሪው ልመለስ። የልጁን ብልሃት ወድጄዋለሁና ላጫውታችሁ። መጽሐፍ ሲያጣ ተማሪዎቹን፣ «እያንዳንዳችሁ ከአያታችሁ አንድ ተረት ሰምታችሁ ኑ። በአማርኛ ስሙት፣ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ አምጡት» አላቸው። ያለፈበትን ትልልቅ የግድግዳ ካሌንደር ከየሱቁና ከየመሥሪያ ቤቱ ለምኖ ሰብስቧል። ልጆቹ የታረመውን ተረት በካሌንደሩ ጀርባ በትልልቅ ፊደል ይጽፉታል፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ 60ውም ቁጭ ብለው ያነቡታል። ሰሌዳ መገልበጥ ቀረ። በዓመቱ ውስጥ የራሳቸው መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው። የነገረኝ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ከገጠር ቀበሌ መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩት፣ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ሄደው እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው የሚመለሱት ልጆች፣ ክፍል ውስጥ አፋቸውን የማይከፍቱት እነሱ ነበሩ። በተረቱ ጊዜ ግን ከሁሉ በላይ የሚያወሩት እነሱ ሆኑ። ተረት የሚያውቁ አያቶች ያሏቸው እነሱ ናቸዋ።

የልጅ ልጄም እኔ ዘንድ መጣች። የጅቡንና የአህያዋን ነገርኳት። ሁለት ማታ ፈጀብን። «ወይዘሮ አህያ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ምን እንበለው? «አያ ጅቦ»ንስ? አያ ማለት ወንድም ነው ብንል ማክበሩ ይቀራል፤ ጌታዬ ብንል ማሾፉ ይጠፋል። ተከራከርን። በመጨረሻ «አያ»ን እንዳለ ትተን ከታች በአንድ ዓረፍተ ነገር እንድታብራራው ተስማማን። አስተማሪው አደነቀላት። ሌላው ልጅ የጓሳን ጭላዳ ተረት አምጥቶ ስሙን በእንግሊዝኛ ሲፈልግ «ጌላዳ» የሚል አገኘ። ፈረንጆቹ ከኛው አማርኛ ወስደውት ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ምን ያህል እንደተደሰቱ! ቋንቋው ለካ ከኛም ይበደራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ልጆቻችን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሲባል የሩቅ አገር ነገር ይመስላቸዋል። ሼክስፒርን ወደ አማርኛ ካመጡልን አንዱ፣ «ሮሜዎና ዡልየት»ን የተረጎሙት ከበደ ሚካኤል የመንዝ ልጅ ናቸው። እሳቸውን ተከትለው ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ን፣ «ማክቤዝ»ን አማርኛ አናግረዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ ማዶ፣ ደብረ ሲና የተወለዱት የ«አደፍርስ» ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ ደግሞ በተራቸው በእንግሊዝኛ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን»ን ጽፈው በ1973 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለንደን ላይ በአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ ታትሞላቸዋል። በዚያው ተከታታይ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ» የሚል መጽሐፍ አላቸው። አፈርሳታን ለመንዝ ሽማግሌ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የአንድ ሰው ጎጆ ተቃጥሎ አገሩ ተሰብስቦ ጥፋተኛውን የሚያወጣጣበት ታሪክ ነው። እንግሊዝኛው ቀለል ያለ ነው። አንድ 10ኛ ክፍል ልጅ ከአያቱ አጠገብ ሆኖ ቢያነበው፣ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት፣ ነገሩን ከአያቱ ይጠይቃል። ክፍል ውስጥ ሃያ ቅጂ ቢኖር ምን ነበረበት? የከበደ ሚካኤልን ትርጉምና የእንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስተማርስ? የ12ኛ ክፍል ፈተና በምርጫ ስለሆነ፣ ልጅ አንድ ገጽ ደብዳቤ መጻፉን ማንም አይፈትነውም። ስለማይፈተን አይማረውም። ይህን ለሚመለከታቸው ትቻለሁ።

ለኛ ለቤተሰቦች የሚመለከተውን ግን ልናገር። «እንግሊዝኛ አላውቅም፣ ምን ልርዳው?» የምትሉኝ አላችሁ። እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ልጁ አሥር መስመር ያንብብላችሁ፤ ከዚያ መጽሐፉን ይዝጋና በአማርኛ ይንገራችሁ። ሊነግራችሁ ካልቻለ አላነበበውም። እኔ በሽተኛዬን መድኃኒት ሰጥቼ «እስቲ እንዴት እንደምትወስጂው ንገሪኝ» ማለት የለመድኩት ከዚያች ጠርሙስ በኋላ ነው፤ ይኸው ነው። አትቆጡ፤ ልጅ ሲፈራ በቃሉ ይሸመድዳል እንጂ አይጠይቅም። የቤት ውስጥ ነገር ስሙን ይጠይቃችሁ፣ እሱም በእንግሊዝኛ ይንገራችሁ፤ እናንተም አጥፉ፣ ይሳቅባችሁ። መዝገበ ቃላት የምትገዙ ከሆነ የዶክተር አምሳሉ አክሊሉ የእንግሊዝኛ-አማርኛው ከወጣ ከ50 ዓመት በላይ ቢሆነውም እስካሁን ቤት ውስጥ ቢኖር የምወደው እሱን ነው። ስልክ ላይም አለ ይላሉ፤ ስልክ ላይ ግን ሌላም ብዙ ነገር አለ።

አንድ የሙያዬን ነገር ደግሞ ልጨምር። ሰሌዳ ላይ ያለውን አጣሞ የሚገለብጥ፣ ደብተር ወደ አፍንጫው የሚያስጠጋ፣ ማታ ማታ ራሴን አመመኝ የሚል ልጅ ካላችሁ፣ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ዓይኑን አሳዩ። ቤታችሁ መብራት ሲጠፋ በኩራዝ የሚያጠና ከሆነ ደግሞ ጭሱ ዓይንና ደረቱን ይጎዳዋል፤ የፀሐይ መብራት ካገኛችሁ እሱን ለምድጃው ሳይሆን ለደብተሩ አድርጉለት። ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ክፍል የገባ ልጅ እንግሊዝኛውም ሆነ አማርኛው አይገባውም። አንድ እፍኝ ቆሎ ኪሱ ይግባ።

የልጅ ልጄ ተረት በካሌንደር ጀርባ ተጽፎ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አርብ ዕለት ሄጄ አየሁት። ከታች ስሟ አለ፣ ከስሟ ሥር ደግሞ «ከአያቴ የሰማሁት» ብላ በእንግሊዝኛ ጽፋለች። ሁለት ፊደል ተሳስታለች፤ አስተማሪው በቀይ አርሞታል። ያንን አልነገርኳትም፤ ራሷ ታየዋለች። መዝገበ ቃላቱን ደግሞ ከደብረ ብርሃን እንዲያመጣልኝ ለአንድ የሚኒባስ ሾፌር ገንዘብ ሰጥቼው ሁለት ሳምንት ሆነው። ዛሬ ነገ እያለኝ ነው።

የደም ግፊቱን በሚቀጥለው ሳምንት እንጨርሳለን። በሰላም ቆዩኝ።